ስላልታጠበው ረጅሙ የጠረጴዛ ልብስ፣ ለክቡር ሊቀመንበሩ

ለተከበሩ የነባሩ የማዕድ ክበብ ሊቀመንበር፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ፣ እንዲሁም ለክበቡ አባላት በሙሉ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ደረጃ ሲወጡ የሚያስቸግርዎት ያ የቀኝ ጉልበትዎ ተሻለዎት ወይ ብዬ በአክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ፣ የክበባችሁን የጠረጴዛ ልብስ ሃያ ሁለት ዓመት ያጠብኩት፣ የዋናው አስተናጋጃችሁ እናት፣ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ በር ሲንኳኳም ተነስቼ እከፍታለሁ።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ ለእርስዎ ብቻ ብልከው ደስ ይለኝ ነበር። ነገር ግን ባለፉት አስራ አንድ ወራት አራት ደብዳቤ ጽፌልዎት፣ "ደርሶናል፣ እናመሰግናለን" ከሚል ማኅተም በቀር መልስ አላገኘሁም። ምናልባት የእጅ ጽሑፌ አልተነበበላችሁ ይሆናል ብዬ፣ ይህኛው በጋዜጣ ፊደል እንዲወጣልኝ ለምኜ ተፈቅዶልኛል። የጋዜጣ ፊደል ጥሩ ነው፤ መነጽር የረሳ ሰው እንኳ ያነበዋል።

ለመጻፍ ያስገደደኝም የጸሐፊያችሁ ትጋት ነው። ጸሐፊው በዚህ ወር ብቻ ሦስት ጊዜ ጽፈውልኝ፣ በእጄ የሚገኘውን ረጅሙን የጠረጴዛ ልብስ ለዓመቱ ማዕድ በአስቸኳይ እንድመልስ አሳስበውኛል። ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ፦ ክበቡ በዓመት አንድ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ አርባ ወንበር በተደረደረበት ጠረጴዛ ዙሪያ ይሰበሰባል። ጠረጴዛው ላይ የሚነጠፈው መሥራቾቹ ያሠሩት፣ ስፌት የሌለው አንድ ወጥ ነጭ ጨርቅ ነው። በሌላ አይተካም። እሱ ካልተነጠፈ ማዕዱ አይከፈትም፤ ደንብ ነው። እኔም ጨርቁን እስካሁን ያቆየሁበትን ምክንያት፣ እናንተ ሁሉን ነገር በተራ ቁጥር እንደምትወዱ ስለማውቅ፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ጥሪ ወረቀቱ።

በወርቅ ቀለም የተጻፈው የጥሪ ወረቀት ደርሶኛል፤ አመሰግናለሁ። በዕለቱ ለልጄ መታሰቢያ የነሐስ ሰሌዳ እንደሚገለጥ፣ በላዩም "ምሰሶአችን፤ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ሳህኑን አላስቀመጠም" የሚል ቃል እንደሚቀረጽ አንብቤ ተረድቻለሁ። ልጄ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም "ምሰሶ" እያላችሁ ትጠሩት ነበር፤ እሱም ይህን ሲነግረኝ ፈገግ ይል ነበር።

ከዚያ በታች፣ በትንንሽ ፊደል፣ ሴት ወደ ማዕዱ አዳራሽ ስለማትገባ ሥነ ሥርዓቱን በወጥ ቤቱ የማቅረቢያ መስኮት በኩል እንድከታተል እንደተፈቀደልኝ፣ ለዚህም በርጩማ እንደሚዘጋጅልኝ ተገልጿል። በርጩማው በተለይ ልቤን ነክቶታል። ልጄ በዚያ ቤት አስራ ዘጠኝ ዓመት ሲቆም በርጩማ ያሰበለት ሰው አልነበረምና፣ ክበቡ እየተሻሻለ መሆኑን በዚሁ አውቄያለሁ።

ሁለተኛ፦ ስለ ሐዘን መግለጫ ደብዳቤያችሁ።

ልጄ በተቀበረ ማግስት የመጣው ደብዳቤ እጅግ ያማረ ነበር። "በድንገት ሳህኑ ከእጁ ሲወድቅ ሁላችንም ከወንበራችን ብድግ ብለን ደረስንለት፤ ነገር ግን የአምላክ ፈቃድ ሆነ" ይላል። ከሥሩም ፊርማዎ አለ። እኔም አመንኩ። ለቅሶ የመጣውን ሁሉ እያስቀመጥኩ አነበብኩለት። "አልተሰቃየም፤ አርባ ትልልቅ ሰው ነው የተነሳለት" እያልኩ፣ እንባዬን እየጠረግሁ እንኳ እኮራ ነበር። ጎረቤቴ ደብዳቤውን ተቀብላ ሁለቴ አገላብጣ "እንዲህ ያሉ ሰዎች ቤት ማገልገሉም አንድ ነገር ነው" አለችኝ። ለዚያች የኩራት ሳምንት፣ ክቡር ሆይ፣ ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ሳምንት ሙሉ ሐዘኔን በትራስ ላይ አስተኝታችሁልኛል።

ሦስተኛ፦ በአስራ ሁለተኛው ቀን ስለተላከልኝ ዕቃ።

ልጄ በሞተ በአስራ ሁለተኛው ቀን የክበቡ ሹፌር እንደ ወትሮው በሬ ላይ ትልቅ ጥቅል አስቀምጦ ሄደ። በውስጡ ረጅሙ የጠረጴዛ ልብስ፣ አርባ ናፕኪኖችና አንድ ጥንድ ነጭ ጓንት ነበሩ። ጓንቱን ልጄ የሞተ ዕለት ጠዋት የተኮስኩለት እኔ ነኝ። ከላይ የተሰካው ወረቀት "እንደተለመደው" ይላል።

ልጄ የወደቀበትን ጨርቅ እንዳጥብ ለእኔው ላካችሁልኝ ማለት ነው። ከአርባ የተማረ ሰው አንዱ እንኳ "ኧረ ይህን ለሌላ አጣቢ እንስጠው" ሳይል መቅረቱን መጀመሪያ ክፋት አድርጌ ቆጥሬው ነበር። ኋላ ግን ሳስበው ክፋት አልነበረም። ክፋት ቢሆን ያሰበበት ሰው ይኖር ነበር። ጨርቅ ሲቆሽሽ ወደ እኔ ይመጣል፤ ሃያ ሁለት ዓመት እንዲሁ ነው የኖርነው። ስለዚህ ይህን በቅሬታ ሳይሆን በምስጋና መዝግቡልኝ፤ ያ ጥቅል ባይመጣ ኖሮ እስካሁን በደብዳቤያችሁ ስኮራ እኖር ነበር።

አራተኛ፦ ጨርቁ ስለነገረኝ።

አጣቢ ሰውን የምታውቀው በፊቱ አይደለም። ከመስኮቱ ሦስተኛው ወንበር ላይ የሚቀመጡት ጌታ እጃቸውን በናፕኪን ሳይሆን በጠረጴዛው ልብስ ጠርዝ እንደሚጠርጉ አውቃለሁ። ለባለቤታቸው "ወይን ትቻለሁ" ያሉት ዳኛ እንዳልተዉም አውቃለሁ። ለሰው ግን አንድ ቀን ትንፍሽ ብዬ አላውቅም፤ ዛሬም ወንበራቸውንና ሥራቸውን እንጂ ስማቸውን አልጠቀስኩም። የእርስዎን ቦታ ደግሞ ሁልጊዜ የማመሰግነው ነበር። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ከሳህንዎ ዙሪያ አንዲት ነጠብጣብ አግኝቼ አላውቅም። ንጹሕ ሰው ነዎት።

ጨርቁን ስዘረጋው ግን ከሳህንዎ በስተግራ ቀይ የስጎ ጠብታ አየሁ። አሁንም አንባቢ እንዲገባው ሥርዓታችሁን ልንገረው። ሊቀመንበሩ የመጀመሪያውን ቃጭል ሲደውሉ የአዳራሹ በርና የማቅረቢያው መስኮት ይዘጋሉ። ከዚያ በኋላ ሁለተኛው ቃጭል እስኪደወል ድረስ ማንም አይናገርም፣ አይነሳም፣ አይወጣም። ሊቀመንበሩ የመሥራቾቹን ቃል ያነባሉ። ዋናው አስተናጋጅ ጎድጓዳውን የስጎ ሳህን በሁለት እጁ ይዞ ከግራ ትከሻቸው ኋላ ይቆማል። ንባቡ ሲያልቅና ቃጭሉ ሲደወል የመጀመሪያውን ጭልፋ ለእሳቸው ያወጣል፤ ማዕዱም ይከፈታል። ከዚያ በፊት ሳህኑን ካስቀመጠው ዓመቱ ይበላሻል ይባላል።

ድሮ ንባቡ ሩብ ሰዓት ይፈጅ ነበር፤ ልጄ ነግሮኛል። ያን ዕለት ግን እርስዎ ስለ ወንድማማችነት የራስዎን ንግግር ጨምረውበት ሃምሳ ደቂቃ ሆነ። ሳህኑ ሙሉ ነበር። ስጎውም ከሳህኑ ጠርዝ መንጠባጠብ ጀመረ።

ጨርቁ ላይ ያሉት ጠብታዎች ዘጠኝ ናቸው። ዘጠኝ ብቻ መሆናቸው ገርሞኝ ናፕኪኖቹን አንድ በአንድ ፈታሁ። ከአርባው ናፕኪን ማዕዘኑ ላይ ኮከብ ያለበት የእርስዎ ብቻ ነው፤ ኮከቡን የጠለፍኩት እኔ ነኝ። በእርስዎ ናፕኪን የውስጥ ፊት ላይ ዘጠኝ ነጥብ አገኘሁ። ከጨርቁ ላይ ባኖረው ነጥብ በነጥብ ገጠመ። በላይኛው ፊቱ ላይ ደግሞ ሌላ አስራ ሰባት አለ። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ዘጠነኛው ጠብታ ሲወድቅ አይተዋል። አይተውም ናፕኪንዎን አንስተው፣ በጥንቃቄ ዘርግተው፣ ሸፍነውታል። ከዚያም ማንበብዎን ቀጥለዋል። የቀሩት አስራ ሰባቱ በናፕኪኑ ላይ ወረዱ። ንጹሕ ሰው ነዎት ያልኩት ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ምናልባት ዝም እል ነበር። እጁ ደክሞት ነው ብለው ይሆናል፤ ሰው ይሳሳታል። ነገር ግን ከናፕኪኑ ወዲያ ሁለት ክብ ምልክት አለ፤ የስጎው ሳህን ቂጥ የተወው። የመጀመሪያው ክብ ጥርት ያለ ነው፤ ቀስ ተብሎ ተቀምጦ ቀስ ተብሎ የተነሳ ሳህን ነው የሚተወው። ሁለተኛው በመጀመሪያው ላይ አርፎ ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ተጎትቷል። ሁለቱ ግን አልተቀላቀሉም። ሁለተኛው ሲያርፍ የመጀመሪያው ደርቆ ነበር ማለት ነው። ስጎ በስታርች በተተኮሰ ጨርቅ ላይ ለመድረቅ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅበት በቤቴ በቁራጭ ጨርቅ ሞክሬዋለሁ፤ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። አራት ጊዜ ሞክሬ አራቱንም ጊዜ ሩብ ሰዓት ነው።

ስለዚህ ልጄ ሳህኑን አስቀምጦታል። ከዚያ አንስቶታል። ከሩብ ሰዓት በኋላ እንደገና አስቀምጦ ወድቋል።

ለምን እንዳነሳው ጨርቁ ሊነግረኝ አልቻለም። እሱን የነገረችኝ በወቅቱ ወጥ ቤታችሁ ውስጥ የነበረችው፣ አሁን ግን የለቀቀችው ወጥ ሠሪ ናት። ሳፋዬ አጠገብ ተቀምጣ ስታወራኝ እንደሰማሁት እጽፈዋለሁ፤ "እማማ፣ ምን ብዬ ልንገርሽ? በመስኮቱ መስታወት አየዋለሁ። ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ ሲያኖረው 'ጎሽ፣ በል አሁን ውጣ' አልኩ በልቤ። እሳቸው ንባባቸውንም አላቋረጡ፣ ቀናም አላሉ፤ ሌባ ጣታቸውን ብቻ እንዲህ ወደ ላይ አደረጉ። አነሳው እኮ፣ እማማ! አንሳ ሲሉት አነሳው!" አለችኝ። አንቺስ ምነው አልጮህሽም ብዬ ብቆጣት፣ "መስኮቱን ደበደብኩት እንጂ! አንዱ ዞር ብለው ጣታቸውን አፋቸው ላይ አደረጉብኝ" ብላ አለቀሰች። እኔም ቁጣዬን ትቼ ውሃ ሰጠኋት።

ጣትዎን፣ ክቡር ሆይ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ አስባታለሁ። ሳጥብም አስባታለሁ።

አምስተኛ፦ ስለ ሁለቱ ሐኪሞች።

በአርባው ወንበር ላይ ሁለት ሐኪሞች እንደነበሩ ለማንም ምስጢር አይደለም፤ አንደኛው የልብ ሐኪም ናቸው። ሆስፒታሉም ልጄን የገደለው ልቡ ነው ብሏል። ሁለቱንም ሄጄ አነጋግሬያቸዋለሁ። አንዱ ምንም ትዝ እንደማይላቸው ነግረው በአክብሮት እስከ በር ሸኙኝ። የልብ ሐኪሙ ግን አስቀመጡኝ፤ መነጽራቸውን አወለቁ፤ "እናቴ፣ አልዋሽሽም፤ አይቼዋለሁ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርድ ነበር" አሉኝ። ታዲያስ ብላቸው፣ መነጽራቸውን እየጠረጉ፣ "ቃጭሉ አልተደወለም ነበር" አሉኝ።

ይህን መልስ ያገኘሁት ሃያ ዓመት ከተማረ ሰው ስለሆነ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩት እኔ የምጨምርበት የለኝም። ይልቅ ስላልዋሹኝ በዚሁ ጋዜጣ አመሰግናቸዋለሁ። ከአርባው ሰው እውነት የተናገረኝ አንድ እሳቸው ናቸው።

ስድስተኛ፦ ስለ ቃልዎ።

ይህን አሳጥረዋለሁ፤ እጄ ሲጽፍ ቶሎ ይደክማል።

ባለቤቴ በሞተ በሦስተኛው ቀን፣ ልጄ ሃያ ሁለት ዓመቱ ሳለ፣ እርስዎ ራስዎ ቤቴ መጡ። አንዷን ደህና ወንበር ሰጠሁዎት። ባርኔጣዎን ጭንዎ ላይ አድርገው፣ "እታለም፣ ከእንግዲህ ልጅሽ ልጄ ነው፤ በእኔ ይሁንብሽ" አሉኝ። ወንበሯን ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው አላስቀመጥኩባትም ነበር፤ "ሊቀመንበሩ የተቀመጡባት" እያልን ከግድግዳው አስጠግተናት ኖረች። ልጄም አባት አገኘሁ ብሎ አስራ ዘጠኝ ዓመት ከትከሻዎ ኋላ ቆመ። እርስዎ የተናገሩትን ቃል ቤት እየመጣ በድምፅዎ ያስመስልልኝ ነበር፤ ሲስቅ ግን በፍቅር ነበር የሚስቀው።

ያን ዕለት ባነበቡትም ንባብ ላይ "በዚህ ማዕድ ዙሪያ የተቀመጠም የቆመም ወንድማችን ነው" የሚል ዓረፍተ ነገር እንዳለ ወጥ ሠሪዋ ነግራኛለች። ልጄ ሲወድቅ እዚያ ዓረፍተ ነገር ላይ ደርሰው ነበር ወይስ አልፈውት? ይህን ብቻ ጨርቁም እሷም ሊነግሩኝ አልቻሉም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ እሱን ቁጥር አልሰጠሁትም፤ የእናንተ ጥፋት አይደለምና። ልጄ ከመሞቱ ሁለት ዓመት በፊት አንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ሥራ አግኝቶ ነበር። ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ነው። "እማዬ፣ እግሬም ደረቴም ደክሞኛል፤ ልሂድ?" አለኝ። "አባት የሆኑህን ሰው ጥለህ? ምን ይሉኛል?" ብዬ የተቆጣሁት እኔ ነኝ። እሺ አለኝ። እሱ እሺ ማለት ይወድ ነበር። ከሁለታችን ማንኛችን ጣታችንን ወደ ላይ ብናደርግ ያነሳ ነበር። እርስዎ የዋሹት እኔን ነው፤ እኔ ግን እርስዎን አምኜ እሱን ዋሸሁት። የተከዳሁት እንዲህ ነው፣ ክቡር ሆይ። በራሴ አፍ ነው የከዱኝ።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ።

ከእናንተ ካሳ አልጠይቅም፤ የነሐስ ሰሌዳውንም ከግድግዳ አውርዱ አልልም። የምጠይቀው በላዩ የተጻፈው ቃል እንዲታረም ብቻ ነው። "ሳህኑን አላስቀመጠም" አትበሉ። አስቀምጧል። ልጄ በአስራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ እናንተን አንድ ነገር ጠይቆ ቢያውቅ በዚያች ቀን ነው፤ አፉን መክፈት ስለማይፈቀድለት ሳህኑን በማስቀመጥ ጠየቀ። ደንብ አፍርሶ ጠየቀ። እሱን ፍቃችሁ "አልጠየቀንም" ብላችሁ በነሐስ ልትጽፉበት ነው። "ሳህኑን ሁለት ጊዜ አስቀመጠ" ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልፈልግም።

ስለ ጠረጴዛው ልብስ ደግሞ ክቡር ጸሐፊው ከእንግዲህ እንዳይጨነቁ ንገሩልኝ። ይህ ደብዳቤ በጋዜጣ በሚወጣበት ዕለት እንዲደርሳችሁ ልኬዋለሁ። በስታርች ተተኩሷል፤ ማዕዘኖቹ በደንቡ ታጥፈዋል፤ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ አሳምሬ ተኩሼው አላውቅም። አላጠብኩትም። ከእርስዎ ሳህን በስተግራ ሁለቱ ክቦች እንዳሉ አሉ። ናፕኪንዎም በወትሮው አጣጠፍ ታጥፎ፣ አስራ ሰባቱ ነጥብ ከላይ ሆኖ ተቀምጧል። ጨርቁ በሌላ እንደማይተካ፣ እሱ ካልተነጠፈም ማዕዱ እንደማይከፈት ደንባችሁ ስለሚል፣ እንደሚነጠፍ አልጠራጠርም። ደንብ ታከብራላችሁ፤ በእናንተ ላይ እስካሁን ያልተከፋሁበት አንድ ነገር እሱ ነው።

እኔ ወደ መስኮቱ አልመጣም። የተዘጋጀልኝን በርጩማ ግን በከንቱ እንዳይቀር፣ እባክዎ ከግራ ትከሻዎ ኋላ እንዲያስቀምጡት እለምናለሁ። ዘንድሮ እዚያ የሚቆመውም ሰው እናት ይኖረዋል።

በታላቅ አክብሮት፣ ጤናዎ እንዲጠበቅ፣ ጉልበትዎ እንዲበረታ፣ ድምፅዎም ለረጅም ንባብ እንዲቆይልዎ እየተመኘሁ፣

እስካለፈው ዓመት ማዕድ ድረስ ታማኝ አጣቢያችሁ፣
እርስዎ "ልጄ ነው" ያሉት ሰው እናት።

ማስታወሻ፦ ለእኔ ቦታ የምትቀጥሯት አጣቢ እንዳትቸገር ይህን ንገሩልኝ። የስጎ ነጠብጣብ ሳይደርቅ ከተደረሰለት በቀዝቃዛ ውሃና በሎሚ ጭማቂ ወዲያው ይለቃል፤ ምልክትም አይተውም። የሚያስፈልገው ከጠረጴዛው አንድ ሰው ቶሎ መነሳቱ ብቻ ነው።